ደመወዝ መኸር፣ ፍሪላንስ በልግ፦ ትንንሽ ልጆች ላሏችሁ

እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬም ከደብረ ብርሃን ነኝ። ልጆቼን ታውቋቸዋላችሁ፤ ትልቁ አምስት ዓመቱ ነው፣ ትንሿ ሁለት። ሰሞኑን ከወላጆች የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ደመወዙን ትቼ ፍሪላንስ ልሥራ ወይ?» ሳይቀጠሩ ለተለያዩ ደንበኞች እየሠሩ በሥራው ልክ መከፈል ማለታቸው ነው።

እስቲ በልግና መኸርን አስቡ። አባቴ መንዝ ውስጥ ገብስ ይዘራ ነበር። የክረምቱ ዝናብ ይብዛም ይነስም ይመጣል። በልጉ ግን ጠባዩ ሌላ ነው፤ አንዳንድ ዓመት የካቲት ላይ ደህና አድርጎ ይጥልና መጋቢትን ይዘላል፣ አንዳንድ ዓመት ጭራሽ ይቀራል። አባቴ መሬቱን አለስልሶ ይጠብቃል፤ ዘሩን ግን አያወጣም። ጎንበስ ብሎ ጣቱን አፈር ውስጥ ይሰዳል። እርጥበቱ እስከ ሁለተኛው አንጓ ካልዘለቀ ዘሩ ጎተራ ውስጥ ይቆያል። ጎረቤት ዘርቶ ቢጨርስም ይቆያል። ልጅ ሳለሁ ፍርሃት ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ልጆች ሳሳድግ ገባኝ፦ ያ ዘር የእኛ እራት ነበር።

ደመወዝ መኸር ነው። ፍሪላንስ በልግ ነው። በልግ ስንቱን ቤት ከክረምት ችጋር አውጥቷል! ነገር ግን በበልግ ተስፋ የልጅ ወተት በዱቤ አይገዛም።

ወደ ስሌቱ፤ ፈጠን እላለሁ። ደመወዛችሁ 12,000 ብር ነው እንበል። የግል አሠሪ ለጡረታችሁ የሚጨምረው 11 በመቶ፣ 1,320 ብር ነው። ድምሩ 13,320። በወር ለምታገኙት 60 የሥራ ሰዓት አካፍሉት፦ በሰዓት 222 ብር። ከዚያ በታች ከተዋዋላችሁ ከስራችኋል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ተቀጣሪ እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዟ ታርፋለች፤ አባት 3 ቀን፣ እጅግ ትንሽ ነው። ደንበኛ ግን ያንንም አይከፍልም።

ለምን 60 ሰዓት ብቻ? እዚህ ላይ ልቆይ፤ «ቤት ውስጥ ስለምትሠሪ ሞግዚት አያስፈልግሽም» የሚል አስተያየት በየቪዲዮው ሥር አነባለሁና። ወገኖቼ፣ ያስፈልጋል! ትንሿ ቀን የምትተኛው አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ትናንት የትርጉም ሥራ ልልክ ሦስት መስመር ሲቀረኝ ነቃች። ጭኔ ላይ አስቀምጬ በአንድ እጄ ጻፍሁ፤ በሌላው እጄ ሁለቱን እጆቿን ይዤ፣ ኮምፒውተሩን እንዳትነካ። ማታ ሲተኙ ሌላ አንድ ሰዓት ተኩል አገኛለሁ። በቀን ሦስት ሰዓት፣ በወር 20 ቀን፣ 60 ሰዓት። እሱም መብራት ካልጠፋ ነው። ልጅ መጠበቅ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ከሌላ ሥራ ጋር ደርቤ እወጣዋለሁ ያለ ወላጅ ዕዳውን ከእንቅልፉ ይከፍላል። አባቶችም፣ ይህ ለእናንተም ነው።

እኔ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወስጄ እየሞከርሁት ነው። ፈቃዴ ሰኔ መጨረሻ ያልቃል። በየወሩ የሚመለሱ ሁለት ደንበኞች አግኝቻለሁ፤ እርጥበቱ አንደኛው አንጓ ላይ ደርሷል ማለት ነው። ሦስተኛው ሲመጣ እነግራችኋለሁ፤ ቻናሉን ሰብስክራይብ አድርጋችሁ ጠብቁኝ። እስከዚያ የመሥሪያ ቤቴን መታወቂያ አልመልስም።