ከጀርመን የመጣው ስትሪመርና የእታለም የሰርግ ካሴት

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬም ብቻዬን ነኝ። ከምሽቱ 4 ሰዓት አልፏል። ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር፣ እቤቴ ነው ያለሁት። ባጃጆቹ ገብተዋል፣ ሰፈሩ ጸጥ ብሏል። የማወራችሁ ስለ መስማት ስለሆነ ይህን ሰዓት ሆን ብዬ ነው የጠበቅኩት።

ለጥምቀት የአክስቴ ልጅ ከጀርመን መጥቶ ነበር። ሻንጣው ውስጥ፣ በሹራብ ተጠቅልላ፣ አንዲት ጥቁር የብረት ሳጥን አለች። ስትሪመር ናት። አዲሷ ከ3,000 ዩሮ በላይ ታወጣለች አለኝ። እሱ ሌላ ገዝቷል። "አንተ ጋ ትቆይ፣ በደንብ ስማት። ከወደድካት በግማሽ ዋጋ ውሰዳት። ካልሆነ ለፋሲካ ስመለስ እወስዳታለሁ" ብሎኝ ሄደ።

ግማሹም ቢሆን በብር ስትመነዝሩት ያስደነግጣል። ግን ለዓመታት ለዚህ ጉዳይ ብዬ ያጠራቀምኳት ገንዘብ አለችኝ። ሙዚቃ ለእኔ ከሥራ መልስ የማርፍበት ነገር ነው። ስለዚህ ጉዳዩን የምሬን ነው የያዝኩት። ሦስት ወር ሙሉ ፈተንኳት።

ስትሪመር ምን እንደሆነ ለማታውቁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ሙዚቃውን ከኢንተርኔት ወይም ከሃርድ ዲስክ ያነባል፣ ለአምፕሊፋየር ያቀብላል። ብዙዎቹ ውስጣቸው ዳክ አላቸው። ዳክ ማለት ቁጥሩን ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚቀይረው ክፍል ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም። ሊን የሚባለው የስኮትላንድ ድርጅት ክላይማክስ ዲኤስ የተባለውን ውድ ስትሪመር ያወጣው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። በ2009 ደግሞ ሲዲ ማጫወቻ መሥራት እንደሚያቆም አስታወቀ። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የሚሠራውን የሸክላ ማጫወቻውን ግን አላቆመም። ይህ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

እኛ ጎንደር ስንሆን የመጀመሪያው ጥያቄ ሌላ ነው። ኢንተርኔት ሲጠፋስ? የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦብን የነበረበትን ጊዜ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በዚያን ጊዜ ሙዚቃዬ ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ቢሆን ኖሮ ቤቴ ዝም ይል ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ያደረግኩት የራውተሩን ገመድ ነቅዬ ሃርድ ዲስክ መሰካት ነው። ተጫወተች። ለዚህ ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት። ወርሃዊ ክፍያ የሚጠይቁት አገልግሎቶች ላይ ግን ብዙ አልቆየሁም። የውጭ ካርድ የለኝም፣ የአክስቴ ልጅ በራሱ አካውንት ነው ያስሞከረኝ።

መብራቱ ሌላ ፈተና ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሳጥኗ ለመነሳት አንድ ደቂቃ ያህል ትፈልጋለች። አንድ ደቂቃ ምንም አይደለም ትሉ ይሆናል። በአንድ ምሽት አራት ጊዜ ሲሆን ግን ይሰለቻል። ስታብላይዘር ሳላስገባ ደግሞ አንድም ቀን አልሰካኋትም። የሰው ዕቃ ናት።

አሁን ወደ ድምፁ ልምጣ።

የመጀመሪያው ምሽት ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ከላፕቶፔ ጋር አወዳደርኳት፣ የሰማይና የምድር ያህል ተራራቁብኝ። ባሱ ወፈረ፣ ዘፋኟ ሳሎኔ መሀል ቆመች። ባለቤቴን ጠርቼ "ስሚ!" አልኳት። በነጋታው ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ከፍ ብሎ የሚሰማ ድምፅ ለጆሮ ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። ትንሽ ጭማሪ እንኳ ጆሮን ታታልላለች።

ፒያሳ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን ወዳጅ አለኝ። ከሱ መልቲሜትር ተዋስኩ። የ100 ኸርዝ ድምፅ አጫውቼ ስፒከሩ ላይ ያለውን ቮልት ለካሁ። የሳጥኗ ከላፕቶፑ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። እንዲህ ዓይነት ዕቃዎች ብዙ ጊዜ እስከ 2 ቮልት ነው የሚያወጡት። የላፕቶፔ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ግን 1 ቮልት ገደማ ነው። እጥፍ ቮልት ማለት በድምፅ ከፍታ መለኪያ 6 ዴሲቤል ነው። ያ ሁሉ የሰማይና የምድር ልዩነት፣ ትልቁ ክፍሉ ይኸው ነበር።

ቮልቱን እኩል አድርጌ እንደገና ጀመርኩ። አሁን ፈታኙ ልጄ ነው። እኔ ሶፋው ላይ ዓይኔን ጨፍኜ እቀመጣለሁ፣ እሱ የአምፕሊፋየሩን መቀየሪያ እያዞረ ወረቀት ላይ ይጽፋል። 12 ዓመቱ ነው፣ በጣም ቁም ነገረኛ ልጅ ነው፣ ፊቱ ላይ እንኳ ምንም አያስነብብም። ከ20 ሙከራ ሳጥኗንና ላፕቶፑን 17 ጊዜ ለየሁ። የለየሁት ግን በሙዚቃው አይደለም። ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ሲሆን ከሥሩ እንደ ዝንብ ጥዝ የሚል ድምፅ አለው። ቀጥሎ ላፕቶፑ ላይ በዩኤስቢ የምትሰካ፣ የጣት ያህል የሆነች ርካሽ ዳክ ሰካሁ። ያ ጉምጉምታ ጠፋ። ከሳጥኗ ጋር እንደገና 20 ጊዜ ሞከርን። 11 አገኘሁ። ሳንቲም ወርውሬም ይህን ያህል አገኝ ነበር።

ያን ምሽት ብዙ አሰብኩ። የፈለግኩት እንዲህ እንዲሆን አልነበረም፣ ሳጥኗን ወድጃታለሁ። አሠራሯ ያምራል። ማራገቢያ የላትም፣ ድምፅ አታሰማም። አንዱ ዘፈን አልቆ ሌላው ሲቀጥል መሀሉ አይቆረጥም። ስልክ ሳልነካ ሙዚቃ መስማት መቻሌ ራሱ እረፍት ነው። ይህ ዋጋ አለው፣ አለው። ነገር ግን የድምፅ ዋጋ አይደለም።

እንዲያውም የሳሎኔ ለውጥ ይበልጣል። ወለሉ ሴራሚክ ነው፣ ግድግዳው ባዶ። አጨብጭቡ፣ ጭብጨባው ተመልሶ ይመጣል። ወፍራም ምንጣፍ አነጠፍኩ፣ በስፒከሮቹ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ ሁለት ጋቢ ደርቤ ሰቀልኩ። ልዩነቱን ለመለየት ልጄም መቀየሪያውም አላስፈለጉኝም።

ትልቁ ነገር ግን ፋይሉ ነው። ሃርድ ዲስኬ ላይ ካሉት የአማርኛ ዘፈኖች አብዛኞቹ ከሙዚቃ ቤት በፍላሽ ያስጫንኳቸው ናቸው። በሰከንድ 128 ኪሎቢት ብቻ የሚይዙ፣ ተጨምቀው ያነሱ ኤምፒስሪ ፋይሎች። ሲዲ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ነው። እነዚህ የዚያ አንድ አስራ አንደኛ ናቸው። በዚያ ላይ ከ16,000 ኸርዝ በላይ ያለው ቀጭን ድምፅ ብዙውን ጊዜ ይቆረጣል። አንዳንዱ ከተበላሸ ካሴት ተገልብጦ፣ እንደገና ተጨምቆ፣ እንደገና ተልኮ የመጣ ነው። ማሲንቆው ውሃ ውስጥ የሚጫወቱት ይመስላል። የጭራው መፋተግ የለም። ደጋኑ ሲመለስ የሚሰማው ያቺ ትንሽ ሻካራ ድምፅ የለችም። እኔ ደግሞ የአዝማሪ አገር ልጅ ነኝ፣ ያን ድምፅ በቅርብ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ማንኛውም ስትሪመር የሌለውን ነገር አምጥቶ አይሰጣችሁም። ገንዘቤን የት ላድርገው የሚለውን የቆረጥኩት እዚህ ላይ ነው።

እናቴ ቤት ቁም ሣጥን ላይ አንድ የካርቶን ሣጥን ካሴት አለ። የአባቴ ነው። አባቴ ካረፈ ስምንት ዓመት ሆነው። ከሁሉ በፊት ያነሳሁት በእጁ "የእታለም ሰርግ፣ 1979" ብሎ የጻፈበትን ነው። እታለም አክስቴ ናት፣ የአባቴ ታናሽ፣ የዚያ ጀርመን ያለው ልጅ እናት።

ፒያሳ ያለው ወዳጄ አሮጌ ቴፕ አደሰልኝ። ቀበቶዋን ቀየረ፣ ሄዷን፣ ማለትም ካሴቱን የምታነበውን ክፍል፣ በጥጥና በአልኮል ጠረገ። ካሴቱ ላልቶ ስለነበር በቢክ እስክሪብቶ ጠመዘዝኩት፣ ልጅ እያለን እንደምናደርገው። ከዚያ ሄዷ ካሴቱ ላይ ቀጥ ብላ እንድታርፍ አጠገቧ ያለችውን ቪቴ በትንሽ ካቻቢቴ ቀስ አድርጌ አዞርኩ። ወደ ግራ ሳዞር ድምፁ ይታፈናል። ወደ ቀኝ፣ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ... አንድ ቦታ ላይ ጭብጨባው በድንገት ተከፈተ። መስኮት የተከፈተ ያህል። እዚያው ተውኳት። 60 ደቂቃውን ሳይጨመቅ ስገለብጠው 1 ጊጋ ገደማ ሆነ።

ሌሊቱን ብቻዬን ሰማሁት። እልልታ አለ፣ ብርጭቆ ይጋጫል፣ አዝማሪው ቅኝቱን ያስተካክላል። ደጋኑ ጭራው ላይ ሲመለስ ይሰማኛል። ከዚያ ከማይክራፎኑ ራቅ ብሎ የአባቴ ድምፅ መጣ። "ተቀበል!" አለ። ከዚያም ግጥሙን ሰጠው፦

እህቴን ስሰጥህ ቤቴ ጎደለብኝ፣
እሷን ውሰድና ሳቋን ግን ተውልኝ።

አዝማሪው ተቀብሎ ደገመው። ሰው ሁሉ ጮኸ። ይህን ካሴት ልጅ ሆኜ በቤታችን ቴፕ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ የግጥሙን ባለቤት ግን አላወቅኩም ነበር። አባቴ ግጥም የሚሰጥ ሰው አይመስለኝም ነበር።

በፋሲካ የአክስቴ ልጅ መጣ። "እህ፣ ወሰድካት?" አለኝ። አልወሰድኳትም አልኩት። ምክንያቱን ነገርኩት፣ የልጄን ወረቀትም አሳየሁት። ትንሽ ቅር አለው፣ ከዚያ ሳጥኗን በዚያው ሹራብ ጠቅልሎ ሻንጣው ውስጥ አስገባት።

እታለም ከሰዓት በኋላ መጣች። ቡና እየተፈላ ነበር። ምን እንደማጫውት አልነገርኳትም። ላፕቶፑን በዚያች በጣት በምታክል ዳክ ከአምፕሊፋየሩ ጋር አያያዝኩና ለቀቅኩት። መጀመሪያ ዝም ብላ ታዳምጥ ነበር። "ተቀበል!" የሚለው ሲመጣ ነጠላዋን ከራሷ ላይ አውርዳ ጉልበቷ ላይ አኖረችው፣ ወደ ስፒከሩም ዞረች።

"ወንድሜ ነው?" አለች።

"አዎ፣ እታለም።"

"መልሰው እስቲ።"

መለስኩት። አራት ጊዜ መለስኩት። ከሰሉ ላይ ጀበናው ገነፈለ፣ ማንም አልተነሳም።