ይዘናቸው የጣልናቸው 21 ነጥቦች፦ ለ2017 ዓ.ም. ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የአርሴናል ደጋፊዎች ማኅበራችን አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከሌሎች ክለቦች ደጋፊዎች ተወክላችሁ የተገኛችሁም አላችሁ፤ ስለ አርሴናል የሚነገረውን ክፉም ደግም በትዕግሥት እንድትሰሙን እለምናለሁ። ክፉው ስለሚበዛ ብዙም አትቸገሩም።

ዛሬ ነሐሴ 4 ነው። ፍልሰታ ስለሆነ የተዘጋጀው ምሳ የጾም ነው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ ከጾምን ደግሞ 21 ዓመት ሞላን፤ እሱን የሚያስፈታን ግን ገና አልተገኘም። ይህችን 21 የምትባል ቁጥር ያዙልኝ፣ በሌላ መልክ ትመለሳለች።

ዓመቱን ሙሉ በየዲኤስቲቪ ቤቱ የተሰማው አንድ አቤቱታ ነው፦ «አጥቂ የለንም»። ውሸት አይደለም። ካይ ሀቨርትዝ የሊጉ ከፍተኛ ጎል አስቆጣሪያችን ሆኖ የጨረሰው በ9 ጎል ነው፤ በዚህ ቁጥር ዋንጫ ይመጣል ብሎ የሚከራከር የለም። ነገር ግን ሠንጠረዡን ዘርግተን ስናየው ዋንጫውን ያሳጣን ጎል ማጣት ብቻ ሆኖ አናገኘውም። እ.ኤ.አ. በ2024/25 ከ38 ጨዋታ 20 አሸነፍን፣ 14 አቻ ወጣን፣ 4 ተሸነፍን፤ 74 ነጥብ። ሊቨርፑል 25 አሸነፈ፣ 9 አቻ ወጣ፣ 4 ተሸነፈ፤ 84 ነጥብ። ልብ በሉ፣ ሽንፈታችን እኩል ነው። ልዩነቱ እኛ አቻ የወጣንባቸውና እነሱ ያሸነፏቸው 5 ጨዋታዎች ናቸው። ድል 3 ነጥብ፣ አቻ 1 ስለሆነ 5 በ2 ሲባዛ 10። ያለቀው በዚህ ነው።

እነዚያ 5 ጨዋታዎች ከየት ሊመጡ ይችሉ ነበር? መርተን አቻ የወጣንባቸውን ብቻ እንቁጠር። በሜዳችን ብራይተን፣ ሊቨርፑል፣ አስቶን ቪላ፣ ብሬንትፎርድና ክሪስታል ፓላስ፤ ከሜዳችን ውጭ ማንቸስተር ሲቲ፣ ቼልሲ፣ እንደገና ብራይተን፣ ከዚያም ኤቨርተን። ዘጠኝ ሆኑ፤ ከእያንዳንዱ 2 ነጥብ ስለጣልን 18። በዚህ ላይ በሜዳችን በኤምሬትስ በዴክላን ራይስ ጎል መርተን በቦርንማውዝ 2 ለ 1 የተሸነፍነውን ስንጨምር 3። ድምሩ 21። በእጃችን ገብተው የወጡ 21 ነጥቦች ማለት ነው፤ ግማሹን ብናተርፍ ኖሮ የዛሬው ንግግር ሌላ ነበር።

ጎሎቹ የገቡብንን ደቂቃዎች ነገር ደግሞ እዩት። ብራይተን 58ኛው፣ ሲቲ 98ኛው፣ ሊቨርፑል 81ኛው፣ ቼልሲ 70ኛው፣ ብራይተን በሜዳው 61ኛው፣ ቪላ 60ኛውና 68ኛው፣ ኤቨርተን 49ኛው፣ ብሬንትፎርድ 74ኛው፣ ፓላስ 83ኛው፣ ቦርንማውዝ 67ኛውና 75ኛው። ከ10ሩ ጨዋታዎች በአንዱም ቢሆን ነጥቡን የወሰደችብን ጎል ከእረፍት በፊት አልገባችም። ስለዚህ ጥያቄው «ማን ያግባ?» የሚለው ብቻ አይደለም። ከእረፍት በኋላ የያዝነውን ለምን እንለቃለን? አንዱ ምክንያት ብቻውን አያስረዳውም።

የመጀመሪያው ቀይ ካርድ ነው። በሊጉ 6 ጊዜ ወጣብን። ራይስ ከብራይተን ጋር በ49ኛው ደቂቃ በሁለተኛ ቢጫ ሲወጣ 1 ለ 0 እየመራን ነበር፤ ዘጠኝ ደቂቃ ሳይሞላ ጆአኦ ፔድሮ አስተካከለ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ትሮሳርድ በሲቲ ሜዳ በኢትሃድ በመጀመሪያው አጋማሽ ጭማሪ ሰዓት በዚያው ጥፋት ወጣ፦ ፊሽካ ከተነፋ በኋላ ኳስ መምታት። ሕጉ ጨዋታ እንዳይቀጥል ማዘግየት ይለዋል፣ ቅጣቱም ቢጫ ነው። «ለሌላው ሲሆን ዳኛው አያይም» የሚለው ክርክራችን እውነትነት አለው፤ ግን ቢጫ ይዞ በሜዳ ላይ ያለ ተጫዋች ኳሷን በእግሩ ጫፍም ቢሆን መንካት እንደሌለበት ከራይስ በኋላ ሁሉም ሊያውቀው ይገባ ነበር። በሲቲ ሜዳ ሁለተኛውን አጋማሽ ሙሉ በ10 ሰው ሳጥናችን ውስጥ ታጭቀን 2 ለ 1 ጠብቀን ስቶንስ በ98ኛው አገባብን። በጥቅምት ሳሊባ በቦርንማውዝ ሜዳ በ30ኛው ደቂቃ ወጣ፤ መነሻው ከትሮሳርድ ወደ ኋላ የተሰጠ አጭር ኳስ ነበር። በዎልቭስ ሜዳ ሊዊስ-ስኬሊ ያየው ቀይ በኋላ ተሽሯል፤ ጨዋታውንም አሸንፈናል። ያንን ጨምረን ስናሰላው እንኳ በ6ቱ ጨዋታዎች ልናገኝ ከምንችለው 18 ነጥብ ያገኘነው 6 ነው።

በብራይተንና በኤቨርተን ሜዳ ያስተካከሉብን ጎሎች ፍፁም ቅጣት ምቶች ናቸው። እነሱን በአጭሩ ልለፋቸው፤ የመጀመሪያው እስከ ዛሬ ያከራክራል፣ ሁለተኛው በልጅ እግር የተፈጠረ ስህተት ነው።

ትልቁ ግን ድካም ነው፣ ድካሙም የመጣው ከጉዳትና ከዝውውር ውሳኔ ነው። ኦዴጋርድ በመስከረም መግቢያ ላይ ለኖርዌይ ሲጫወት በቁርጭምጭሚቱ ተጎዳና ሁለት ወር ያህል ጠፋ። ሳካ በታኅሣሥ በክሪስታል ፓላስ ሜዳ የታፋው ጡንቻ ተበጠሰና እስከ መጋቢት መጨረሻ አልተመለሰም። ጋብሬል ጄሱስ በጥር ከማንቸስተር ዩናይትድ ጋር ባደረግነው የኤፍኤ ካፕ ጨዋታ የጉልበቱ ጅማት ተጎዳ። ያኔ የዝውውር መስኮቱ ክፍት ነበር። ጥር 26 አንድም ተጫዋች ሳናስፈርም ተዘጋ። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ሀቨርትዝ በዱባይ ልምምድ ላይ ተጎዳ፤ በቀረው ጊዜ ፊት መስመራችንን አማካዩ ሚኬል ሜሪኖ መራው። ሜሪኖ በሌስተር ሜዳ ተቀይሮ ገብቶ ሁለት አገባ፣ ክብር ይገባዋል። ነገር ግን በሚቀጥለው ሳምንት ዌስትሃም በኤምሬትስ 1 ለ 0 ሲያሸንፈን የዚያ ስሌት ወሰን ታየ። ወንበር ላይ የሚቀየር አጥቂ ከሌለ የሚጫወቱት በ60ኛው ደቂቃ መሮጥ ያቆማሉ፤ ፊት ላይ ጫናው ሲላላ የተቃራኒ ተከላካይ ቀና ብሎ ረጅም ኳስ ለመላክ ጊዜ ያገኛል፤ የእኛ መስመር ወደ ራሱ ሳጥን ያፈገፍጋል። የቪላን 2 ለ 2 መልሳችሁ ብታዩት ይህንኑ በተራ በተራ ታገኙታላችሁ።

እዚህ ላይ አሰልጣኙን ሳልነካ ማለፍ አልችልም። ሚኬል አርቴታ በሚመራበት ሰዓት ተቀያሪ ለማስገባት ይዘገያል። የሚያምንባቸውን 11 እስኪሰበሩ ያጫውታል። ሳካ ለምን ተሰበረ ብለን ስንጠይቅ ለስንት ወር ሳያርፍ ተጫወተ ብለንም እንጠይቅ።

ያው ሰው ግን በታኅሣሥ እ.ኤ.አ. 2019 ሲመጣ ቡድኑ ምን እንደነበር የረሳ ካለ ላስታውሰው። 8ኛ፣ 8ኛ፣ 5ኛ፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ ተከታታይ 2ኛ። ነጥቡም 56፣ 61፣ 69፣ 84፣ 89፣ 74። በ2023/24 89 ነጥብ ይዘን ሲቲ በ91 በለጠን። ዋንጫ የሚባለው የመጀመሪያ ዓመቱ የኤፍኤ ካፕ ብቻ ነው፣ ከኮሚዩኒቲ ሺልዶቹ በቀር። ውሉ እስከ እ.ኤ.አ. 2027 ነው። የማኅበራችን ሥራ አመራር አቋም «ይውጣ» ከሚሉት ጋር አይደለም፤ «አይነካ» ከሚሉትም ጋር አይደለም።

አንድ ነገር ግን ያለ ቅሬታ ልናወድስለት ይገባል፣ የቆሙ ኳሶችን፣ ማለትም የማዕዘንና የቅጣት ምቶችን። የዚህ ሥራ ባለቤት በ2021 ከሲቲ የመጣው ኒኮላ ዦቬር ነው፤ የማዕዘን ምት ሲገኝ ከወንበሩ ተነስቶ መስመር ላይ የሚቆመው እሱ ነው። በ2023/24 በሊጉ ከማዕዘን ምት ብቻ 16 ጎል አግብተናል። አሠራሩን ብዙዎቻችን «ጋብሬል ዘሎ መታ» ብለን እናልፈዋለን፤ ጋብሬል ስል ጄሱስን ሳይሆን ተከላካዩን ጋብሬል ማጋልያስን ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ከቀኝ ሳካ በግራ እግሩ፣ ከግራ ራይስ በቀኝ እግሩ ይመታሉ፤ ስለዚህ ኳሷ ሁልጊዜ ወደ ጎሉ ትታጠፋለች። አምስት ስድስት ተጫዋች ከሩቁ ቋሚ ባሻገር ተሰብስቦ ይቆማል፤ መቺው እጁን ሲያነሳ በአንድ ላይ ወደ ትንሿ ሳጥን ይሮጣሉ። አንዱ በረኛው እንዳይወጣ መንገዱ ላይ ይቆማል፣ ሁለቱ የጋብሬልን ጠባቂዎች በሰውነታቸው ይጋርዳሉ፣ አንዱ በቅርቡ ቋሚ ኳስ እንድትነካካ ይጠብቃል። ጋብሬል ቆሞ ከሚዘል ተከላካይ ጋር እየሮጠ ይዘላል፤ ብልጫው ይሄ ነው። ከሳጥኑ ውጭ የተገፋችውን ኳስ የሚለቅም አንድ ሰው አለ፣ ከኋላ ደግሞ መልሶ ማጥቃትን የሚጠብቁ። በኅዳር መጨረሻ ዩናይትድን 2 ለ 0 ስናሸንፍ ቲምበርና ሳሊባ ያገቡት ከዚሁ ነው።

የሚበላሸውስ መቼ ነው? ምቷ የመጀመሪያውን ሰው ካላለፈች የተጋረዱት ሁሉ ከንቱ ይሆናሉ። ጋብሬል ከሌለ ደግሞ ጋራጆቹ የሚጋርዱለት አይኖርም፤ ከፉልሃም ጋር ተጎድቶ ዓመቱ ካለቀበት በኋላ ይህን አየነው። የሚያስቆጨው፣ ለሌላው የምናስተምረውን ራሳችን መከላከል አቃተን። በኤምሬትስ ቦርንማውዝ ያገባብን የመጀመሪያው ጎል ከረጅም የእጅ ውርወራ፣ ሁለተኛው ከማዕዘን ምት ነው።

ቻምፒየንስ ሊጉን በተመለከተ ሪያል ማድሪድን በሜዳችን የገጠምንበትን መጋቢት 30ን የረሳ የለም። ራይስ በሕይወቱ በቀጥታ ቅጣት ምት አግብቶ የማያውቅ ሰው በ12 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ ኳሷን ጎል ውስጥ ጨመራት፤ ሜሪኖ ሦስተኛውን አከለ። በሰሙነ ሕማማት ረቡዕ በቤርናቤው 2 ለ 1 ደገምነው፤ በደርሶ መልስ ሪያል ማድሪድን 5 ለ 1። በግማሽ ፍጻሜ ፓሪስ ሴንት ዠርሜን ሲመጣ ግን ቶማስ ፓርቴ በቢጫ ተቀጥቶ አልነበረም። ሜሪኖ ወደ አማካይ ተመለሰ፣ ትሮሳርድ ፊት ቆመ። ደምቤሌ ከአጥቂ ቦታው ወርዶ መሐል ሜዳ ላይ ኳስ ሲቀበል ማን ይከተለው የሚለው ሳይወሰን በ4ኛው ደቂቃ ጎል ገባ። በመልሱ በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ዶናሩማ የማርቲኔሊንና የኦዴጋርድን ኳስ አዳነ፤ ሳካ በ80ኛው ያመለጠውን ታውቁታላችሁ። 3 ለ 1 ወጣን። እዚያ የጎደለን ጨራሽ ነበር፣ አልክድም። ሁለቱ ችግሮች አብረው ይኖራሉ።

የዘንድሮው ግዢ ለሁለቱም መልስ ይመስላል። ቪክቶር ዮኬሬሽ ባለፈው ዓመት በፖርቹጋል ሊግ 39 ጎል አግብቷል፤ ትናንትም ከአትሌቲክ ክለብ ጋር በኤምሬትስ 3 ለ 0 ስናሸንፍ አንዱን አስቆጥሯል። ከሳጥን ጠባቂነቱ ይልቅ በተከላካዮች ጀርባ ባለው ክፍት ቦታ የሚሮጥ ነው፤ ሁሉም ተከላካዩን ሳጥን ውስጥ ሲከምርብን ምን ያህል ይጠቅመናል የሚለውን ጥያቄ ክፍት አድርጌ እተወዋለሁ። ለእኔ ትልቁ ግዢ ማርቲን ዙቢሜንዲ ነው። በሚመራበት ሰዓት ኳስ ይዞ ጨዋታውን የሚያበርድ አማካይ ከ21ዱ ነጥቦች ስንቱን ያድን ነበር? ኖርጋርድ፣ ሞስኬራና ኬፓ ወንበሩን ለማወፈር የመጡ ናቸው። ማዱኬን ገና ኳስ ሳይነካ የሰደባችሁት፣ ከቼልሲ መምጣቱ ጥፋት አይደለም። ሳካ የሚያርፍባቸው ሳምንታት ሲመጡ ስሙን እየጠራችሁ የምታጨበጭቡት እናንተው ናችሁ።

የመጀመሪያዎቹ 6 ጨዋታዎች ከባድ ናቸው፤ ዩናይትድ፣ ሊድስ፣ ሊቨርፑል፣ ኖቲንግሃም ፎረስት፣ ሲቲ፣ ኒውካስል። የፊታችን እሑድ ነሐሴ 11 በኦልድ ትራፎርድ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው። የኒውካስሉ በመስቀል ማግስት መስከረም 18 ይውላል። ሰዓት እያሳሳታችሁ የምትዘገዩ፣ እንግሊዞች ጥቅምት 16 ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ስለሚመልሱ እስከዚያ 11 ሰዓት የነበረው የቅዳሜ ጨዋታ ከዚያ በኋላ 12 ሰዓት ይሆናል። የቻምፒየንስ ሊጉም በዚያው መጠን ወደ ሌሊት ይገፋል፤ በየሰፈሩ ያላችሁ አስተባባሪዎች አባላት በቡድን ወደ ቤታቸው እንዲሄዱ ከአሁኑ ተነጋገሩ። ማኅበሩ በተከራየው አዳራሽ ውስጥ የቤቲንግ ትኬት ይዞ መጨቃጨቅ እንደተከለከለ ነው።

አጀንዳው በእጃችሁ ነው። የሥራ ክንውን ሪፖርቱን ጸሐፊያችን፣ ቀጥሎ የኦዲት ሪፖርቱን ሒሳብ ተቆጣጣሪያችን ያቀርባሉ፤ ጥያቄ ያላችሁ ሁለቱም ሲያበቁ እጃችሁን አውጡ። የ2017 ዓ.ም. ጠቅላላ ጉባኤያችን መከፈቱን አስታውቃለሁ።