የቲቪ ቦክሳችሁ ላይ ሊኑክስ ዴስክቶፕ እንጫን

ሰላም ሰላም! እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ቲቪው ሥር አቧራ የጠጣችውን ትንሽዬ ጥቁር ቦክስ እናወጣለን። አዎ፣ ያቺን ርካሿን። ጽሑፍ የሚጻፍባት፣ ኢንተርኔት የሚከፈትባት፣ ልጅ ኮድ የሚለማመድባት ኮምፒውተር እናደርጋታለን።

እዚህ ያለችው ፕሮሰሰሯ አምሎጂክ ኤስ905ደብሊው ነው። አራት ኮር፣ 64 ቢት። የምንጭነው አርምቢያን ነው፤ ዴቢያን እና ኡቡንቱ በሚባሉት ሊኑክሶች ላይ ተመሥርቶ ለእንዲህ ዓይነት ትንንሽ ቦርዶች የተዘጋጀ ሊኑክስ። ሊኑክስ ማለት እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ሲስተም ነው።

ቆይ ግን፣ ቆይ። ኮመንት ላይ ደጋግማችሁ «ዊንዶውስስ አይጫንም?» ትላላችሁ። አይጫንም። እዚህች ላይ አይጫንም! የላፕቶፓችሁ ዊንዶውስ የተሠራው ለኢንቴልና ለኤኤምዲ ፕሮሰሰር ነው፤ ይቺ ደግሞ አርም የሚባል ሌላ ዓይነት ፕሮሰሰር ናት። «ለአርም የሚሆን ዊንዶውስ አለ እኮ» የምትሉ አላችሁ። ልክ ናችሁ፣ አለ። እሱ ግን ዩኢኤፍአይ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ሶፍትዌር) እና ድራይቨር (ዕቃዎቹን የሚያሠራው) ይፈልጋል፤ ለነዚህ ቦክሶች የተሠራለት የለም። ወሬው ከየት መጣ? በ2014 እና 2015 አካባቢ ኢንቴል አቶም ያላቸው፣ ዊንዶውስም አንድሮይድም የሚያስነሱ ቦክሶች ይሸጡ ነበር። እነሱ ሌላ ዘር ናቸው። ስለዚህ «ዊንዶውስ እጭንልሃለሁ» ላላችሁ ሰው ብር እንዳትከፍሉ፣ አደራ።

አሁን ወደምወደው ክፍል። አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ቤቱን እንዴት ነው የሚያሳያችሁ? የቤት ቁጥር ነግሮ? በጭራሽ! «የቤተክርስቲያኑን አጥር ይዘህ ውረድ፣ ዳቦ ቤቱ ጋ ስትደርስ ወደ ግራ ገባ በል፣ ሁለተኛው ቅያስ፣ ሰማያዊ በር።» ተራ ኮምፒውተር ውስጥ ብዙው ዕቃ ሲጠሩት አቤት ይላል፤ ሊኑክስ ይጠይቃል፣ እሱ ማንነቱን ይናገራል። ቦክሷ ውስጥ ግን አብዛኛው ዕቃ ዝም ነው። ሊኑክስ ለሰፈሩ እንግዳ ነው፣ የሚጠይቀው ሰው የለም። አቅጣጫውን ጽፎ የሚሰጠው ፋይል ዲቫይስ ትሪ ይባላል። ዋይፋዩ እዚህ ጋ፣ ኤችዲኤምአዩ እዚያ ጋ ይለዋል። የሌላ ሰፈር አቅጣጫ ብትሰጡትስ? ዳቦ ቤት ሲፈልግ ጎሚስታ ያገኛል፣ ሰማያዊ በር የሚባል የለም፣ ሲዞር ይውላል። ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል፣ ወይ ተነስቶ ዋይፋይ ያጣል። ቦክሷ ተቃጠለች ብላችሁ አትጣሏት። አቅጣጫውን ቀይሩለት!

አሠራሩ አጭር ነው። ለአምሎጂክ ቦክስ የተዘጋጀውን የአርምቢያን ኢሜጅ፣ ማለትም የሲስተሙን ሙሉ ፋይል፣ አውርዱ፤ ባሌና ኤቸር በሚባለው ፕሮግራም ሚሞሪ ካርድ ላይ ጻፉ። ካርዱ ላይ ኤክስትሊኑክስ ዶት ኮንፍ የሚለውን ፋይል ክፈቱና ኤፍዲቲ በሚለው መስመር የቦክሳችሁን ዲቫይስ ትሪ አስገቡ። ዩ-ቡት-ኤስ905ኤክስ-ኤስ912 የሚለውን ፋይል ኮፒ አድርጉና ኮፒውን ዩ-ቡት ዶት ኢኤክስቲ በሉት። የፋይሎቹን ስም ስክሪኑ ላይ እያሳየኋችሁ ነው፣ ቪዲዮውን አቁሙና ጻፉት። ካርዱን ክተቱ። ብዙዎቹ ቦክሶች ኤቪ ቀዳዳው ውስጥ የተደበቀ ቁልፍ አላቸው፤ በጥርስ መጎርጎሪያ ተጭናችሁ እንደያዛችሁ መብራት ስጧት፣ ሎጎው ሲመጣ ልቀቁ። የይለፍ ቃል አውጡ፣ ገባችሁ።

የውስጥ ሚሞሪው ላይ ለመጫን ግን አትቸኩሉ። በካርድ እስከሠራችሁ ድረስ ከቦክሷ ጋር የመጣው አንድሮይድ አይነካም፤ ካርዱን ስታወጡ ተመልሶ ይነሳል። እኔ ግን ባይነሳ እመርጣለሁ። በ2025 የአሜሪካው ኤፍቢአይ ባድቦክስ 2.0 ስለተባለ ቫይረስ ሲያስጠነቅቅ፣ ከፋብሪካ ሲወጡ ጀምሮ የተበከሉ ርካሽ ቦክሶች እንዳሉ ተናግሯል። ባንክ የምትገቡበትን ስልክ እንዲህ ካለ ቦክስ ጋር አንድ ዋይፋይ ላይ ማዋል ያሳስበኛል።

ለእናንተ የሠራላችሁን ዲቫይስ ትሪ ከቦክሳችሁ ሞዴል ጋር ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፤ ያው ቦክስ ያለው ሌላ ሰው ይጠቀምበታል። ሰብስክራይብም አድርጉ፣ በሚቀጥለው የአማርኛ ኪቦርድ እናስገባለን።