ስብሰባ የተጠራን ዕለት ፕላኑ አልቋል

ሰላም ወገኖቼ፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነው የማወራው። ከጎንደር፣ ከቤቴ። ከውጭ የመዶሻ ድምፅ ከሰማችሁ ጎረቤቴ ፎቅ እየጨመረ ነው። እሱም የዛሬው ርዕስ አካል ስለሆነ ዝም በል አልለውም።

ስለ ከተማ ፕላን ነው የማወራው። አትዝጉት በናታችሁ። ፕላን ሲባል የመሐንዲስ ነገር ይመስላል። ወረቀት፣ መስመር፣ ቀለም። የአጥራችሁ ቆርቆሮ ላይ በቀይ ቀለም ኤክስ የተደረገ ቀን ግን የማን ነገር እንደሆነ ወዲያው ይገባችኋል።

የማነሳው ነገር አንድ ነው። እኛ አዳራሽ ተጠርተን «ሐሳብ አስተያየት ስጡ» የምንባለው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። የሚወሰንበት ጊዜ ሌላ ነው፣ ያኔ እኛ የለንም። የለንም ስል ግማሹ ስለማንጠራ ነው፣ ግማሹ ደግሞ፣ እውነቱን እናውራ ከተባለ፣ ተጠርተንም ስለማንሄድ ነው።

ጎንደር እኮ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለችም። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ከተማዋን ቆረቆሩ። ብዙም ሳይቆይ ማን የት ይስፈር የሚለው የመንግሥት ጉዳይ ሆነ። በልጃቸው በአፄ ዮሐንስ ዘመን፣ በ1660 ዓ.ም. ገደማ፣ ጉባኤ ተቀምጦ ሙስሊሙ ከክርስቲያኑ ተለይቶ ይስፈር ተባለ። ወደ ወንዙ ዝቅ ብላችሁ አዲስ ዓለም ስትደርሱ የዚያን ውሳኔ ምድር ነው የምትረግጡት። ቤተ እስራኤሎቹም ለብቻ እንዲሰፍሩ ተደረገ። ካህናቱ በአለቆቻቸው ዙሪያ፣ እጨጌ ቤት፣ አቡን ቤት እያልን ዛሬም የምንጠራቸው ሰፈሮች ናቸው። ከዚያ ጣሊያን መጣ። ጌራርዶ ቦዚዮ የሚባል የፍሎረንስ አርክቴክት ፕላን ሠራ፤ ፒያሳ፣ ፖስታ ቤቱ፣ ሲኒማው የዚያ ጊዜ ሥራዎች ናቸው። ነጩ እዚህ፣ «ተወላጁ» እዚያ፣ በመካከላቸው ክፍተት። ሕንፃዎቹ ያምራሉ፣ እኔም ማኪያቶዬን የምጠጣው እዚያው ነው። ግን ያ ሁሉ መስመር ሲሰመር የጎንደር ሰው አልተጠየቀም።

አሁን ሕጉ ይጠየቅ ይላል። የከተማ ፕላን አዋጁ፣ 574/2000 የሚባለው፣ ሁለት ደረጃ አለው። ትልቁ መዋቅራዊ ፕላን ነው፣ ከተማውን በሙሉ የሚይዝ፣ ለ10 ዓመት የሚያገለግል። የትኛው ሰፈር መኖሪያ ነው፣ የትኛው ንግድ፣ የትኛው ቅይጥ፣ ዋናው መንገድ በየት ያልፋል፣ አረንጓዴው የት ነው፣ ይሄ ሁሉ እዚያ ላይ ይሰፍራል። ከሱ ሥር የአካባቢ ልማት ፕላን አለ፣ እሱ ወደ ሰፈር ይወርዳል፣ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ስፋት፣ የሕንፃ ከፍታ፣ እንዲህ ያለውን ዝርዝር። ሁለቱም ከመጽደቃቸው በፊት ረቂቁ ለሕዝብ ቀርቦ ውይይት ይደረግበታል። ይሄ ሕግ ነው፣ የማንም ችሮታ አይደለም።

ምክር ቤቱ ደግሞ የመረጥናቸው ሰዎች ናቸው። ከንቲባውን ይሰይማሉ፣ በጀት ያጸድቃሉ፣ ዕቅድ ያጸድቃሉ። ማዘጋጃ ቤቱ ያስፈጽማል። ወረቀት ላይ ጥሩ ነው። ችግሩ፣ ምክር ቤቱ የሚሰበሰበው አልፎ አልፎ ነው፣ ሲሰበሰብም ሪፖርት ሰምቶ፣ አስተያየት ሰጥቶ፣ እጅ አውጥቶ ይበተናል። ሥራው የሚሠራው በየጽሕፈት ቤቱ ነው፣ ባለሙያው ኮምፒውተሩ ላይ መስመሯን ሲያሰምር። ያቺ መስመር ሁለት ሜትር ወደ ግራ ብትል የአንዱ ሱቅ ይተርፋል፣ የሌላው ማድቤት ይሄዳል። ስለዚህ የሚያዋጣው ከመስመሯ በፊት መድረስ ነው።

እስኪ አንድ ስብሰባ ልንገራችሁ። የውስጥ መንገድ ሊሠራልን ነው ተባለና ቀበሌ አዳራሽ ተጠራን። የት ሰፈር እንደሆነ ልለፈው። መድረኩ ላይ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ አበባና የታሸገ ውሃ። አንድ ወጣት ባለሙያ ፕሮጀክተር ከፍቶ ያስረዳል፣ ደግሞ ጎበዝ ነው፣ ስለ ኮብልስቶኑ ውፍረት፣ ስለ ጠርዝ ድንጋዩ፣ ስለ ምኑ። ከበር ጀምሮ አንድ ወረቀት ይዞራል፣ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ፊርማ። ፈረምን።

ውይይት ተባለ። መጀመሪያ የተነሱት ሦስት ሰዎች አመሰገኑ። መቼም ይሄ የማይቀር ነው። ከዚያ አንዲት እማሆይ ተነሱ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉና «ልጄ፣ ውሃው በየት ይሄዳል?» አሉ።

«ጥናት ተደርጎበታል እማሆይ» አለ ልጁ።

«እሱንማ ሰማሁ። በየት ይሄዳል ነው የምልህ።»

አዳራሹ ሳቀ። ልጁ ግን፣ ይሄን ልመስክርለት፣ አልሳቀም። ወደ ስላይዱ ተመለሰና ቦዩን አሳየ። ቦዩ ያለው በላይኛው በኩል ነው። መንገዱ ደግሞ ተዳፋት ላይ ነው፣ ጎንደር ምኑ ተዳፋት ያልሆነ አላት? ከላይኛው ቦይ የሞላው መንገዱን ተሻግሮ ወደ ታችኞቹ በር ነው የሚመጣው። የታችኞቹ ደግሞ እኛና እማሆይ ነን። ልጁ ዝም ብሎ ትንሽ አየውና «ይሄን ለዲዛይን ክፍሉ እናስተላልፋለን» አለ። ሰብሳቢው ቶሎ ብሎ «ጥሩ ነጥብ ነው፣ ቀጣይ» አሉ።

መንገዱ ተሠራ። ቦዩ በላይኛው በኩል ሆነ። ሐምሌ ሲገባ ምን እንደሆነ መናገር ያለብኝ አይመስለኝም፤ ጠዋት ጠዋት ጫማ ፍለጋ ነበር፣ የአንዱ ቤት ጫማ ሌላው ቤት ደጅ።

እኔን ያበሳጨኝ ግን ጎርፉ አይደለም። በኋላ ቃለ ጉባኤውን አየሁት። ሌላ ጉዳይ ልጨርስ ሄጄ ነው፣ ፋይሉ ጠረጴዛ ላይ ነበር፣ ጠየቅሁ፣ አሳዩኝ። «ነዋሪው በፕሮጀክቱ ላይ ተወያይቶ በሙሉ ድምፅ ደግፏል» ይላል። ከኋላው የተያያዘው ያ ከበር ጀምሮ ሲዞር የነበረው ወረቀት ነው። የፈረምነው ለመገኘታችን ነበር። ፋይሉ ውስጥ ሲገባ ድጋፍ ሆኗል። የእማሆይ ጥያቄ አንድ መስመር እንኳን የለም።

ስለዚህ አሁን ስብሰባ ስሄድ ፊርማዬ አጠገብ «ተገኝቻለሁ» ብዬ እጽፋለሁ። አንዳንድ ሰብሳቢ ፊቱ ይጠቁራል። ይጥቆር። ጥያቄ ስጠይቅ ደግሞ «ይመዝገብልኝ» እላለሁ። «ይመዝገብልኝ» ስትሉ ቃለ ጉባኤ ያዡ ቀና ይላል፣ እስቲ ሞክሩት።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልጨምር፣ ሰው በተሳሳተ እንዳይረዳኝ። ልማቱን የምጠላ ሰው አይደለሁም። የኮሪደር ልማቱ ከመጣ ወዲህ ፒያሳ ማታ መውጣት ደስ ይላል፣ ልጆች አሉ፣ አዛውንቶች ተቀምጠው ያወራሉ፣ ቤተ መንግሥቱ አካባቢ መብራቱ ሲበራ እኔ ራሴ ቆሜ አያለሁ፣ ያደግኩበት ከተማ ሆኖ እያለ። ግን ያንን ስላየሁ ብቻ የፈረሰበትን ሰው «ለልማት ነው፣ ቻለው» አልለውም። ሕጉም እንደዚያ አይልም።

ሕጉ ምን ይላል? ለሕዝብ ጥቅም መሬት ስለሚለቀቅበት የወጣው አዋጅ 1161/2011 ነው። እሱ ላይ፣ የሚነሳ ባለይዞታ መሬቱን ከማስረከቡ ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ፕሮጀክቱ ሊወያይ ይገባል ይላል። አስቸኳይ ከሆነ ሊያጥር ይችላል፣ እና የኛ አገር ፕሮጀክት ሁሉ አስቸኳይ ነው፣ ይሄን ታውቃላችሁ። ካሳና ምትክ አለ። ቅሬታ ካላችሁ በ30 ቀን ውስጥ ነው፣ ለቅሬታ ሰሚው፣ ከዚያ ለይግባኝ ሰሚው፣ ከዚያ ፍርድ ቤት። 30 ቀኑ የሚቆጠረው ማስታወቂያው ከደረሳችሁ ጀምሮ ስለሆነ የደረሰበትን ቀን ጻፉ፣ ፎቶ አንሱት። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ አለ፣ ቦታውን በፕላኑ መሠረት ራሳችሁ ማልማት የምትችሉ ከሆነ ቅድሚያው የናንተ ነው። አንድ ሰው ብቻውን አቅም ላይኖረው ይችላል። ጎረቤቶች ተደራጅተው ሲመጡ ግን ነገሩ ይለወጣል። ይሄ ዕድል የሚያልፈን ኤክሱ ከተቀባ በኋላ መሯሯጥ ስለምንጀምር ነው።

ቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ያላችሁ ደግሞ ሌላ መዝሙር አላችሁ። ፋሲል ግቢ በ1972 ዓ.ም. ነው በዩኔስኮ የተመዘገበው፣ ግቢው ብቻ አይደለም፣ የፋሲል መዋኛም፣ ቁስቋምም አሉበት። ስለዚህ እዚያ አካባቢ የማዘጋጃ ቤቱ ፈቃድ ብቻ አይበቃም፣ የቅርስ ሰዎችም አሉ። ባለ ይዞታው መሃል ላይ ይቆማል፣ አንዱ አልማ ይለዋል፣ አንዱ አትንካ። ለጎብኚው ጥሩ ነው። ጣሪያው ለሚያፈስበት ሰው ግን መልስ የሚሰጠው አንድ ቢሮ ቢኖር ምናለበት?

ጎረቤቴ መዶሻውን አቆመ። ስለ ፎቅ ካነሳን፣ በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ፣ 624/2001 የሚባለው፣ ሕንፃዎችን በምድብ ሀ፣ ለ፣ ሐ ከፍሏቸው ነበር። ከ12 ሜትር በላይ የሆነ ሁሉ ሐ ውስጥ ይገባ ነበር። ፈቃድ የሚሰጠው የሕንፃ ሹም ነው፣ ከሱ በፊት የፕላን ስምምነት ይጠየቃል። መሠረት ካወጣችሁ በኋላ ሳይሆን በፊት፣ እሺ? እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ጎረቤቴ ሊሰማኝ ይችላል።

ሌላው የሚያናድደኝ ቁፋሮ ነው። መንገዱ ይሠራል፣ ይመረቃል፣ ሪባን ይቆረጣል። ከዚያ የውሃ ቧንቧ ይመጣና ይቆፍረዋል። ከዚያ ቴሌ። ከዚያ መብራት። ኮብልስቶኑ ሲነሳ ጠርዝ ላይ ይከመራል፣ ሲመለስ ግን ወይ ከፍ ይላል ወይ ዝቅ፣ የተረፈው ድንጋይ ደግሞ የአንዱ ግቢ ደረጃ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ለምን እንደዚህ ይሆናል ስትሉ ሰው ሙስና ነው ይላል። አንዳንዴ ሊሆን ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን በጀታቸውና አለቃቸው የተለያየ ስለሆነ ነው። ውሃው የከተማው አገልግሎት ነው። መብራትና ቴሌ የፌዴራል ናቸው። ዋናው አስፋልት ደግሞ የፌዴራል መንገዶች ነው፣ ከተማው ለብቻው አይነካውም። ከንቲባው ጋ ሄዳችሁ ብትጮሁ «እንጽፍላቸዋለን» ነው የሚላችሁ፣ ውሸቱን አይደለም። በተለይ ውሃ በፈረቃ በምትጠጣ ከተማ፣ የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላና ሕዝቡ እየጨመረ ባለበት፣ አዲስ መስመር መዘርጋቱ አይቀርም። የሚሻለው መንገዱ ከመነጠፉ በፊት መዘርጋቱ ነው። ሳይነጠፍ አንድ ቀን አራቱንም በአንድ ጠረጴዛ ማስቀመጥ። ይሄን ምክር ቤቱ ማስገደድ ይችላል፣ የመንገዱን በጀት ከማጽደቁ በፊት «የውሃውና የመብራቱ ስምምነት የት አለ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው።

በጀት ስል አንድ ጠቃሚ ነገር ልንገራችሁ። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። እኛ ጎርፍ ሲመጣ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ አቤት ልንል እንሄዳለን። ያኔ በጀቱ ተደልድሏል። «በሚቀጥለው በጀት ዓመት እናየዋለን» የሚባለው ለማባረር ብቻ አይደለም፣ በእርግጥም ሳጥኑ ተዘግቷል። ዕቅድ የሚሰበሰበው ከዚያ በፊት ነው፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ አካባቢ፣ ፀሐይ ሆኖ ጎርፍ ማንም በማያስታውስበት ጊዜ። ያኔ ነው ማመልከቻ የሚገባው። ገንዘብ አዋጥተን ኮብልስቶን የምናሠራ ሰፈሮችም እንደዚያው፣ ኮሚቴው ገንዘቡን ሰብስቦ የባንክ ደብተር ይዞ በሚያዝያ የሄደው ሰፈርና በሐምሌ የሄደው ሰፈር እኩል አይስተናገዱም።

እኛም በዚህ ዓመት እንደዚያ አደረግን። ለታችኛው በኩል ቦይ ይሠራልን የሚል ማመልከቻ ጻፍን። ጎርፉ የገባባቸውን በሮች ፎቶ አያያዝን፣ ከፎቶው ላይ ቀኑ ይታያል። ከታችኛው በኩል ያለ ሰው ሁሉ ፈረመ፣ ከላይኛውም የፈረሙ አሉ፣ ይሄ ደስ ብሎኛል። የመጀመሪያዋ ፊርማ የእማሆይ ናት፣ መጻፍ አልችልም ብለው በጣታቸው። መዝገብ ቤት ተቀብሎ፣ ማኅተም መትቶ፣ ቁጥር ሰጥቶናል። ግልባጩን ለወከሉን የምክር ቤት አባል አድርሰናል። «በጉባኤው አነሳዋለሁ» ብለዋል።

ጉባኤው ሲደረግ እገባለሁ፣ ለሕዝብ ክፍት ከሆነ። ካነሱት እነግራችኋለሁ፣ ካላነሱትም እነግራችኋለሁ። እናንተም ከየሰፈራችሁ፣ ከማራኪም፣ ከአዘዞም፣ ከሌላ ከተማም፣ ፈርማችሁ የማታውቁት ነገር «በሙሉ ድምፅ» የሆነባችሁ ካላችሁ ድምፅ ላኩልኝ፣ በሚቀጥለው ክፍል አስገባዋለሁ። ይኸው፣ መዶሻውም ጀመረ። ደህና ሁኑ።