ጉርሻ የነሳች እናት

ሂሩት፦ ሰላም ናችሁ? እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የምናወራው ለወራት እንቅልፍ ስለነሳችኝ አንዲት ሴት ነው። በእውኑ ዓለም የለችም። በምጽፈው ምናባዊ ልቦለድ ውስጥ የአንድ ተዋጊ ጎሳ መሪ ናት። ጎሳው በሙሉ «እምዬ» ነው የሚላት። ጠላቶቿም ጭምር።

ዳዊት፦ የመጀመሪያውን ምዕራፍ አንብቤዋለሁ። እውነቱን ልንገርሽ?

ሂሩት፦ ለዚሁ አይደል የሰጠሁህ!

ዳዊት፦ አልፈራኋትም። በመጀመሪያው ገጽ የሰው አንገት ትቀላለች። ሁለት ገጽ ሳልሄድ ሌላ ሰው ትገድላለች። ጎራዴ መዝዛ ትፎክራለች። ግን ስሟን በወንድ ስም ብቀይረው ታሪኩ ላይ አንድም ነገር አይጎድልም። ታዲያ ለምን «እምዬ» ተባለች? እናትነቷ የቱ ጋ ነው?

ሂሩት፦ ምዕራፉን ያስጣለችኝ እሷ ጥያቄ ናት። ከዚያ በኋላ በእውን ወደነበሩት ሴቶች ሄድኩ። መጀመሪያ ያገኘኋት የሜሮዌዋን ንግሥት አማኒሬናስን ነው። ሜሮዌ የጥንቱ የኩሽ መንግሥት ከተማ ናት፤ ቦታው ዛሬ ሱዳን ውስጥ ነው፤ ከካርቱም በስተሰሜን፣ ዓባይ ዳር።

ዳዊት፦ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ያለችው ህንደኬ እሷ ናት?

ሂሩት፦ አይደለችም። ህንደኬ ማዕረግ እንጂ የአንድ ሰው ስም አይደለም። የኩሽ ንግሥቶች ይጠሩበት ነበር። የጃንደረባው ንግሥት ከግማሽ ክፍለ ዘመን በላይ ቆይታ የመጣች ሌላ ሴት ናት። የአማኒሬናስ ዘመን ሮማውያን ግብፅን በያዙ ማግስት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት 25 ዓመት ገደማ የኩሽ ጦር ወደ ሰሜን ወጥቶ አስዋንን መታ። የአውግስጦስ ቄሣርን ሐውልቶች ገነደሰ። ግሪካዊው የጂኦግራፊ ጸሐፊ ስትራቦን ስለዚህች ንግሥት ሲጽፍ ማዕረጓን ብቻ ነው የሚጠራው። ወንዳወንድ፣ አንድ ዓይኗ የጠፋ ሴት ይላታል።

ዳዊት፦ አንድ ዓይና! ይኼ በቀጥታ ከተረት የወጣ ነው የሚመስለው።

ሂሩት፦ እኔን የያዘኝ ግን ዓይኗ አይደለም። በ1910 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ሜሮዌ ላይ ቁፋሮ ሲደረግ ከነሐስ የተሠራ የሰው ራስ ተገኘ። የአውግስጦስ ራስ ነው። ዓይኖቹ ከመስታወትና ከድንጋይ የተሠሩ ናቸው፤ ዛሬም አፍጥጠው ያያሉ። አሁን ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ነው። የተገኘበትን ቦታ ስማ፦ የቤተ መቅደስ ደረጃ ሥር ተቀብሮ።

ዳዊት፦ ቆይ፣ ቆይ። ለጸሎት የሚወጣ ሁሉ…

ሂሩት፦ ቄሣርን ረግጦ ነው የሚያልፈው። በየቀኑ። ሽማግሌው፣ ሕፃኑ፣ ውኃ የተሸከመችው ሴት።

ዳዊት፦ ራሱን እንጨት ላይ ቢሰቅሉት ኖሮ ለአንድ ሰሞን ወሬ ይሆንና ያበቃ ነበር። ደረጃ ሥር ሲሆን ግን ድሉ የኑሮ ልማድ ይሆናል። እኔ አሁን ነው የፈራኋት።

ሂሩት፦ ሮማውያን ዝም አላሉም። ፔትሮኒየስ የተባለው የግብፅ ገዢ ዘምቶ የኩሾችን ከተማ ናፓታን አወደመ። ኩሾች ግን አልተንበረከኩም። መጨረሻ ላይ መልእክተኞቻቸው ሳሞስ ደሴት ድረስ ሄደው ከአውግስጦስ ጋር ተደራደሩ፤ የተጣለባቸውም ግብር ተነሣላቸው። ሮም ያንን ማድረጓ ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

ዳዊት፦ እኔ ደግሞ ወደ ዮዲት ልውሰድሽ። ወደ ጉዲት።

ሂሩት፦ እሳቶ ወደሚሏት!

ዳዊት፦ በትውፊታችን አክሱምን ያቃጠለች፣ 40 ዓመት የገዛች ሴት ናት። ስሟ ራሱ «ጉድ» አለበት። ግን አስቢው፤ ስለሷ የምናውቀውን ሁሉ የነገሩን እነማን ናቸው? የተቃጠለባቸው ሰዎች። በ10ኛው ክፍለ ዘመን አንድ የሐበሻ ንጉሥ በዛሬዋ ሱዳን ለነበረው ለኖባው ንጉሥ ለጊዮርጊስ ደብዳቤ ይጽፋል። አንዲት ንግሥት ተነሥታ አገሩን አጠፋች፣ ጳጳስ እንዲላክልን አማልደን ይላል። በዚያው ዘመን የኖረው ዓረባዊው ተጓዥ ኢብን ሐውቀል ደግሞ የሐበሻን ምድር ሴት ከያዘችው 30 ዓመት ያህል ሆኗታል ብሎ ጽፏል። እሷ ግን አንድ ቃል የላትም። ልጆች ነበሯት? ወታደሮቿ ማታ እሳት ዳር ምን ብለው ይጠሯታል? እኔ እነሱም «እምዬ» ይሏት ነበር ብዬ አስባለሁ። ግምት ነው፤ ግን 30 ዓመት በጎራዴ ብቻ አይገዛም።

ሂሩት፦ ልክ ነህ! የሚወዳት ሰው ከሌለ የሚከተላት የለም። ያስፈራኝም እሱ ነው። ሰዎቿ ከልባቸው ይወዷታል።

ዳዊት፦ ጣይቱስ? በ1888 ዓ.ም. መቀሌ እንዳ ኢየሱስ ላይ ጣሊያን ምሽግ ውስጥ ሲገባ፣ የውኃ ምንጩ ይያዝ ያለችው እሷ ናት ይባላል። ምንጩ ተያዘ፤ ጠላት ተጠማ፤ ምሽጉን ለቆ ወጣ። ውኃ እኮ ነው። የቤት እመቤት ጓዳዋን እንደምታውቅ ያህል ነው ያወቀችው።

ሂሩት፦ ጓዳ ያልከው ቃል ነው ቁልፉ። ቋንቋችንን ተመልከተው። ከሃዲን ምን እንላለን?

ዳዊት፦ ጡት ነካሽ።

ሂሩት፦ አየህ! በአማርኛ ክህደት የሚለካው በእናት ጡት ነው። እኔ ይህ ቃል በእጄ እያለ አንገት ስቀላ ከረምኩ። የኔ ጎሳ ሕግ ከዚህ ተነሣ። ሕጉ አልተጻፈም። ያበላችህ እጅ ላይ አትነሣም፤ አለቀ።

ዳዊት፦ አዲሱን ምዕራፍ እንዴት ጀመርሽው?

ሂሩት፦ ከአያቴ። አያቴ ቤት ማዕድ ሲቀርብ ሁላችንም ክብ ሠርተን እንቀመጣለን። እሷ በየተራ ታጎርሰናለች። እንጀራውን በሦስት ጣት ጠቅለል፣ ወጡን ነካ፣ ከዚያ ወደ አፍ። እጇ በርበሬ በርበሬ ይላል። አንድ ቀን የጎረቤት ልጅ ደብድቤ መጣሁ። አልመታችኝም፤ አልተቆጣችኝም። ተራዬ ሲደርስ አፌን ከፈትኩ። እጇ በፊቴ አልፎ ወደ ወንድሜ ሄደ።

ዳዊት፦ ውይ።

ሂሩት፦ ማንም ምንም አላለም። ሁሉም መብላቱን ቀጠለ። አፌ እንደተከፈተ ቀረሁ። እስከ ዛሬ ከዚያ የባሰ ቅጣት አላውቅም።

ዳዊት፦ እምዬም እንደዚያ ታደርጋለች?

ሂሩት፦ ዘመቻ ከመውጣታቸው በፊት በነበረው ማታ። ሦስት መቶ ተዋጊ ተቀምጧል። እሷ እየዞረች አንድ በአንድ ታጎርሳለች። ያልጎረሰ አይዘምትም። ያልዘመተ ደግሞ ልጇ አይደለም፤ ቤትም፣ ከብትም፣ ስምም የለውም። ጎራዴዋ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። በምዕራፉ ውስጥ አንዴም አይወርድም።

ዳዊት፦ እና ማንን አለፈችው?

ሂሩት፦ የመጨረሻ ልጇን። ከጠላት ጋር መልእክት እየተላላከ ነው፤ እሱ ማንም አያውቅብኝም ብሏል።

ዳዊት፦ የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው።

ሂሩት፦ እሷም ይህንኑ ታውቃለች። እጇ ሲያልፈው ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ያንን የሚያየው እሱ ብቻ ነው። ላንብብልህ?

ዳዊት፦ አንብቢው።

ሂሩት፦ «ጎኑ የተቀመጠው ሰው ጎርሶ እስኪውጥ ጠበቀ። ከዚያ አፉን ዘጋ። ተነሥቶ ጫማውን ፈለገ። ሦስት መቶ ሰው ወደ ትሪው አቀርቅሮ ነበር። እምዬ የቀጣዩን ጉርሻ እየጠቀለለች ነበር፤ ቀና አላለችም። በሩ ጋ ሲደርስ ግን፣ ‹ውጭው ብርድ ነው፣ ጋቢህን ልበስ› አለችው።»