ክፍያው በስልክ፣ ደረሰኙም በእጅ

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በጥሬ ገንዘብ ፋንታ በስልክና በባንክ መክፈልን የሚመለከት ነው። ይህን የምናገረው ከደብረ ማርቆስ ሆኜ ነው፤ በዚህ አካባቢ ያለው ሰው ከአዲስ አበባው የተለየ ምክንያት እንዳለውም አምናለሁ።

በቆሎውን ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም ወስዶ የሸጠ ገበሬ የዓመት ልፋቱን በኪሱ ይዞ፣ ባለቤቱም በመቀነቷ ቋጥራ፣ ረጅም መንገድ በእግራቸው ይመለሳሉ። መንገድ በማያስተማምንበት በዚህ ጊዜ ጥሬ ገንዘብ መያዝ ራሱ ስጋት ነው። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ሲቀየሩና የ200 ብር ኖት ሲወጣ፣ በቤቱ ያኖረውን ገንዘብ በሦስት ወር ውስጥ ለማስቀየር የተጨነቀ ሰው ብዙ ነበር፤ ብዙዎችም የመጀመሪያውን የባንክ ደብተር ያወጡት ያን ጊዜ ነው። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ የኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት የሆነው ቴሌብር ሥራ ጀመረ፤ ዛሬ የተጠቃሚዎቹ ቁጥር ከ50 ሚሊዮን በላይ መድረሱን ኩባንያው አስታውቋል።

የእኔ እምነት ግን ይህ ነው፦ ሕዝቡ በስልክ እንዲከፍል ከመምከር በፊት መንግሥት ከራሱ መስኮት መጀመር አለበት። በ2015 ዓ.ም. የነዳጅ ክፍያ በዲጂታል ብቻ እንዲሆን ሲወሰን አሽከርካሪው በአጭር ጊዜ ለመደው። አሽከርካሪው ግን ስልኩን ከእጁ የማይለይ፣ በየቀኑ የሚቀዳ ሰው ነው። የመሬት መጠቀሚያና የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር በዓመት አንድ ጊዜ የሚከፍለው ገበሬ ከእርሱ ጋር አይወዳደርም፤ ስለዚህ ለእርሱ የሚያስፈልገው ግዳጅ ሳይሆን የሚታይ ጥቅም ነው።

ጥቅሙ ደግሞ ደረሰኙ ነው። በጥሬ ገንዘብ የከፈለ ሰው ከዝናብና ከአይጥ የሚጠብቃት አንዲት ወረቀት ብቻ ናት፤ ወረቀቷ ከጠፋች መክፈሉን የሚያስረዳለት ምስክር ያጣል። በስልክ ሲከፍል ግን ከቴሌብር ቁጥር ከ127 የሚመጣው መልእክት ቀኑን፣ መጠኑንና የክፍያውን መለያ ቁጥር ይዞ ይቀመጣል፤ መልእክቱ ቢሰረዝ እንኳ መዝገቡ በሥርዓቱ ውስጥ አለ። ገንዘብ ሰብሳቢውም ቢሆን ከሐሜት ይድናል፣ ምክንያቱም ብሩ በእጁ አያልፍም። ስለ ሙስና ብዙ ከማውራት ይልቅ ይህችን አንዲት ነገር በየቀበሌው ማስተካከል የበለጠ ይሠራል ብዬ አስባለሁ።

እንቅፋቱን ሳልናገር ባልፍ ግን አድማጩን ማታለል ይሆንብኛል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለረጅም ጊዜ ቆይቷል። ያን ጊዜ መተግበሪያ ብቻ የለመደ ሰው ተቸገረ፤ *127# ብሎ ያለ ኢንተርኔት መክፈል እንደሚቻል የሚያውቅ ግን ኔትወርክ እስካለ ድረስ ሥራውን መሥራት ይችል ነበር። ተራ ስልክ የያዘው ገበሬ የሚማረው በዚህ መንገድ ሊሆን ይገባል፤ ሥልጠናውም በቅዳሜ ገበያ ወይም በዕድር ስብሰባ ላይ ቢሰጥ ሰው ያገኘዋል። ማንበብ የማይችሉ እናት ሚስጥር ቁጥራቸውን ለጎረቤት ልጅ ሲሰጡ አይቻለሁ፤ ልጁ ታማኝ ቢሆንም ልማዱ አደገኛ ነው፣ መልሱም እርሳቸውን መውቀስ ሳይሆን በድምፅ የሚመራ አገልግሎት ማዘጋጀት ነው። ነጋዴዎችም የተጭበረበረ የክፍያ ምስል በስልክ ስላዩ ብቻ ዕቃ እንዳያስረክቡ፣ ብሩ በራሳቸው ሒሳብ መግባቱን የሚገልጸውን መልእክት ሳያዩ እንዳይለቁ በየገበያው ሊነገራቸው ይገባል።

ከሁሉም በላይ «ሲስተም የለም» የሚለው መልስ ከፋዩን የሚቀጣ መሆኑ መቅረት አለበት። ሥርዓቱ ሲቋረጥ መሥሪያ ቤቱ ጥሬ ገንዘብ ተቀብሎ ሕጋዊ ደረሰኝ ይቁረጥ፤ ወይም መቋረጡን መዝግቦ ለዚያ ቀን ቅጣት እንደማይቆጠር በጽሑፍ ያሳውቅ። ዘግይተሃል ተብሎ የተቀጣ ሰው በሚቀጥለው ዓመት በጥሬ ብር ካልተቀበላችሁኝ ቢል አልፈርድበትም። ይህ አሠራር በቀበሌ ደረጃ ተጽፎ፣ በር ላይ ተለጥፎ እንዲታይ እያንዳንዳችን በምንኖርበት ወረዳ እንጠይቅ። እኔም በዚህ ሳምንት በምኖርበት ቀበሌ የምጠይቀው ይህንኑ ነው።