«ሣር፣ ወፎች፣ የለም»፦ በረግረጉ ጎረቤቶች ዓመታዊ ስብሰባ መክፈቻ ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ ጎረቤቶቼ፣ ታላላቆቻችን፣ እንዲሁም ከእሑድ ማለዳ ጉዞ በኋላ ቦቲያችሁን አጥባችሁ የማትጨርሱ ወጣቶች፤

አዘጋጆቹ ስለ ተጓዦቻችን መብዛትና ስለ አዲሱ የእንጨት መረማመጃ ጥቂት ቃል እንድናገር ጠይቀውኛል። እናገራለሁ። ነገር ግን ኪሴ ውስጥ አንድ ወረቀት አለ፤ እርሱን ሳላነብ ስለ እንጨት ማውራት አልቻልኩም።

ወረቀቱ ባለፈው ዓመት ስለ ረግረጋችን የተሞላ የዳሰሳ ቅጽ ግልባጭ ነው። የሞላውን መሥሪያ ቤት ስም አልጠራም፤ የመጣሁት ለክስ አይደለምና። «ዕፅዋት» በሚለው ረድፍ «ሣር» ተብሎ ተጽፏል። «እንስሳት» በሚለው «ወፎች» ይላል። «ቦታው የሚሰጠው አገልግሎት» ለሚለው ጥያቄ ደግሞ መልሱ «የለም» ነው። ባለሙያዎቹ የመጡት ወፍ ሁሉ ጥላ ይዞ ጸጥ በሚልበት በእኩለ ቀን ነበር፤ ከመኪናቸው ወርደው መንገዱ ዳር ጥቂት ቆሙና ጫማቸው ሳይርስ ተመለሱ።

ቁጣዬን ለጊዜው ላቆየው፤ እኔም ብሆን አንድ ወቅት ከእነርሱ የተሻልኩ አልነበርኩም። የእሑዱን ጉዞ ስንጀምር መሪያችሁ እኔ እንደነበርኩ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ለመሪነት ያበቃኝ እውቀት ሳይሆን ከመካከላችን ባይኖኩላር ያለኝ እኔ ብቻ መሆኔ ነበር። ነጭ ወፍ ባየን ቁጥር በልበ ሙሉነት «ሳቢሳ!» እል ነበር፤ እናንተም አምናችሁኝ ትጽፉ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ላይ ይመስለኛል፣ አንዲት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ እጅጌዬን ጎተተችና «ጋሼ፣ ይሄኛው ለምንድን ነው ቢጫ ካልሲ ያደረገው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ጭቃ ነው» አልኳት። እርሷም ከእግሯ በታች ያለውን ጥቁር ጭቃ አየት አደረገችና «ጭቃ ቢጫ ነው እንዴ?» አለችኝ። ከኋላችን የነበሩት ሲስቁ ይሰማኝ ነበር፤ የሳቁት ዛሬም ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

የዚያን ቀን ከወፉ ፊት ከአንድ ሰዓት በላይ ቆምን። ምንቃሩ ቀጭንና ጥቁር ነበር፤ እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጥቁር ሆኖ ጣቶቹ ግን እንደ አደይ አበባ ቢጫ ነበሩ። ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ አንዱን እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ ያንቀጠቅጠዋል፤ ጭቃው ይደፈርሳል፤ የተደናገጡ ትናንሽ ዓሦች ብቅ ሲሉ ምንቃሩ እንደ መርፌ ይወርድባቸዋል። ቢጫው ጣት ለማደኛም ሳይጠቅመው አይቀርም። ይህ ትንሹ ሳቢሳ ነው፤ በሳይንሳዊ ስሙ ኢግሬታ ጋርዜታ ይባላል። ከብት ተከትሎ የሚነሣውን ፌንጣ የሚለቅመው ሌላ ነው፤ እርሱ አንገቱ አጠር፣ አገጩ ወፈር ያለ፣ ምንቃሩ አጭርና ቢጫ ሲሆን በመራቢያው ወራት አናቱና ደረቱ ፈዘዝ ያለ ብርቱካንማ ቀለም ይይዛሉ። ከሁለቱም የሚበልጠው ትልቁ ሳቢሳ ደግሞ ረጅም አንገቱ መካከሉ ላይ የተሰበረ ይመስል ይታጠፋል፤ የአፉ መሥመርም ከዓይኑ አልፎ ወደ ኋላ ይዘልቃል። የዚህኛው ምንቃር ለመራባት ሲዘጋጅ ከቢጫነት ወደ ጥቁርነት ስለሚለወጥ ምንቃር ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሰው ይሳሳታል። እኔ ተሳስቻለሁ።

እንግዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ የቆጠርኩት «ሳቢሳ» ምን ነበር? የሦስት ፍጥረታት ኑሮ በአንድ ቁጥር ተደምሮ ነበር። አንዱ እየቀነሰ ሌላው እየበዛ ቢሆን ኖሮ ደብተሬ ምንም ለውጥ የለም ይለኝ ነበር። ሁለቱንም ዓመት ሰረዝኩት።

ወረቀቱን ይዤ የመጣሁት ስለዚህ ነው። ለይቶ መጥራት ጊዜ የተረፋቸው ሰዎች መዝናኛ ነው የሚሉን አሉ። እስቲ ይህን ይመልሱልኝ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1971 በካስፒያን ባሕር ዳርቻ በምትገኘው በኢራን ከተማ በራምሳር ስለ ረግረጋማ ቦታዎች የተፈረመው ስምምነት፣ አንድ ቦታ ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ አለው ለማለት ከሚያስቀምጣቸው መስፈርቶች አንዱ በመደበኛነት 20,000 ወይም ከዚያ በላይ የውኃ ወፎችን ማኖሩ ነው። ሌላው መስፈርት ደግሞ ከአንድ ዝርያ ወይም ንዑስ ዝርያ ሕዝብ ውስጥ ቢያንስ 1 በመቶውን በመደበኛነት ማኖሩ ነው። ሃያ ሺህ ወፍ ስሙን ሳያውቁ መቁጠር ይቻል ይሆናል። የአንድ ዝርያን አንድ በመቶ ግን ዝርያውን ለይቶ ከማያውቅ ሰው ማን ይቀበለዋል? የእኛ ረግረግ ትንሽ ነው፤ እዚያ መዝገብ ላይ ይግባ አላልኩም። ያልኩት፣ በትልቁም በትንሹም ቦታ ሕግ የሚጠብቀው ስሙ የተጻፈለትን ነው። «ወፎች» ተብሎ የተጻፈ ቦታ ነገ ቢደፈን ማን ጠፋ ተብሎ ይጠየቃል? «ወፎች» እንደሆኑ ሌላም ቦታ አሉ! ለዚያ ቢጫ ጣት የሚከራከርለት፣ ቢጫ ጣት እንዳለው ያየ ሰው ብቻ ነው! ያየችውም ልጅ ናት እንጂ ቅጹን የሞላው ባለሙያ አይደለም!

ወደ «ሣር» ልመለስ። በመረማመጃው ጫፍ ቆማችሁ ሦስት ግንድ ቁረጡና በጣቶቻችሁ መካከል አሽከርክሯቸው። ቄጠማው አይሽከረከርም፤ ግንዱ ባለ ሦስት ጠርዝ ስለሆነ ጣትን ይቆረቁራል። ደንገልም የቄጠማ ወገን ነው፤ ሦስቱ ጠርዞች ቁመቱ ከሰው በላይ በሆነው ግንድ ላይ እንኳ በግልጽ ይዳሰሳሉ። ጁንከስ የሚባለው ወገን ክብና ለስላሳ ነው፤ ሲሰነጥቁት ውስጡ ነጭ ስፖንጅ የመሰለ ነገር ሞልቶታል። ሸምበቆው ደግሞ አንጓ አለው፤ በአንጓና በአንጓ መካከልም ባዶ ነው። ፍርድ እንዳላጓድል፣ ሸምበቆ በእርግጥ የሣር ወገን ነው፤ ስለዚህ ቅጹ ከአራት አንዱን አግኝቷል። አራተኛው ፊላ ነው፤ ቡናማ ዱላ የመሰለ ራሱን ሳያይ ያለፈ ያለ አይመስለኝም። ከዚያ ዱላ በላይ ያለው ቀጭን ዘንግ የወንዴ አበቦች፣ ዱላው ራሱ ደግሞ የሴቴ አበቦች መሆናቸውን ግን እኔ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

የፊላን ቅጠል ከሥሩ አካባቢ በምላጭ አግድም ብትቆርጡት በቀጫጭን ግድግዳዎች የተከፋፈሉ ባዶ ክፍሎች ታያላችሁ። እነዚያ ክፍሎች የአየር ቧንቧዎች ናቸው። ውኃ የተኛበት ጭቃ ኦክስጅን ስለሌለው ተክሉ በቅጠሉ የሳበውን አየር በእነርሱ በኩል ወደ ሥሩ ያወርደዋል፤ ጥቂቱም ከሥሩ ወደ ጭቃው ያመልጣል። በዚያች ባመለጠች አየር ዙሪያና ከእርሷ ራቅ ባለው አየር አልባ ጭቃ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች እየተቀባበሉ፣ ከእርሻና ከቤት ፍሳሽ ጋር የመጣውን ናይትሮጅን ወደ ጋዝነት ለውጠው ወደ አየር ይለቁታል። ቅጹ «አገልግሎት፦ የለም» ያለው በዚህ ሁሉ ላይ ቆሞ ነው።

አዘጋጆቹ ሰዓት እያሳዩኝ ስለሆነ የቀረውን ላሳጥር። የስልክ መተግበሪያ ፎቶ አይቶ ስም ሲሰጣችሁ እንደ ጥቆማ ውሰዱት እንጂ እንደ ፍርድ አትቁጠሩት፤ ግንዱን መዳሰስ አይችልምና። ማንኛውንም የረግረግ ተክል በመልክ ብቻ ለይታችሁ አትቅመሱ፤ በካሮት ወገን ውስጥ የሚገድሉ አሉ። እምቦጭን እብጥ ባለው የቅጠል እጀታው ለዩትና ያያችሁ ዕለት ንገሩን፤ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ተክል ነው፤ ከተስፋፋ በኋላ ማስወገድ እጅግ ከባድ ነው። መረማመጃው ጥሩ ነው፤ የሠሩትን አመሰግናለሁ፤ ሦስተኛው ሳንቃ ግን ይነቃነቃል።

በመጨረሻም በደብተራችን ላይ የጥያቄ ምልክት ያለባትን ወፍ አንሥቼ ልቀመጥ። ትንሽ፣ ቡናማ፣ ሸምበቆ ውስጥ የማትጠፋ ናት፤ የእነዚህ ወፎች ነገር እንዲህ ነው፣ በላባ ሳይሆን በዜማ ነው የሚለዩት። ጊልበርት ዋይት የተባለ የ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊ ቄስ በሚኖርባት መንደር ዙሪያ ተመሳሳይ የሚመስሉ ሦስት ትናንሽ ወፎችን የለየው በጆሮው ነበር። የእኛዋ ለአራት ዓመት ያህል ስትጮህ እንጂ ስትዘምር አልሰማናትም ነበር። ትናንት ንጋት ላይ ግን ከመረማመጃው በስተግራ፣ ፊላው ከሸምበቆው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ረዘም ላለ ጊዜ ዘመረች፤ ቢጫ ካልሲውን ያየችው ልጅ፣ አሁን ትልቅ ሰው ሆናለች፣ ድምፁን በስልኳ ቀድታዋለች። ከስብሰባው በኋላ ታሰማናለች፤ መቅጃ ያላችሁ ነገ ከንጋቱ በፊት መረማመጃው ጋ እንገናኝ፤ ሦስተኛውን ሳንቃ ተጠንቅቃችሁ ርገጡ።